ዳትና አዳት ቴፖችን ወደ ኮምፒውተር የማስገባት አሠራር

ተራው የድምፅ ካሴት ሲያረጅ ቀድሞ ያስጠነቅቃል። ሹክሹክታው እየጨመረ፣ ድምፁ እየደበዘዘ ስለሚሄድ ሰሚው ሳይረፍድበት ይገነዘባል። እንደ ዳትና አዳት ያለ ዲጂታል ቴፕ፣ ድምፁ በቁጥር ሆኖ የተጻፈበት፣ ግን እንዲህ አይደለም። በላዩ የተጻፉት ቁጥሮች ሲጎዱ መሣሪያው የጎደለውን በራሱ እያረመ ያጫውታል፤ ለጆሮ ትናንት የተሰማው ድምፅ ዛሬም ያው ነው። የማረም አቅሙ ባለቀበት ቅጽበት ግን ድምፁ ይቆራረጣል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ሶኒ የዳት መሣሪያ መሥራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ደህና የሚሠራ ማጫወቻ ማግኘትም ከዓመት ዓመት እየከበደ ሄዷል። የስቱዲዮ ማስተር (የሥራው ዋና ቅጂ)፣ የመዝሙር ቅጂ ወይም ከአረጋውያን አንደበት የተቀዳ ታሪክ በእነዚህ ቴፖች ላይ ያላችሁ ሰዎች ሥራውን ለሌላ ዓመት አታሳድሩት።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። አንድ ገመድ፣ ዲጂታል መግቢያ ያለው የድምፅ ኢንተርፌስ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሣጥን)፣ አንድ ኮምፒውተርና ትዕግሥት ይበቃዋል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ እርሱም ክሎክ፣ ማለትም መሣሪያዎቹ የድምፁን ቁጥሮች የሚቆጥሩበት ምት ነው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ላይ ከሌላው ሁሉ በላይ ስለ ክሎክ እጽፋለሁ።

መሣሪያችሁን ለዩ

ዳት ከተራው ካሴት የሚያንስ፣ ቴፑ በክዳን የተሸፈነ ካሴት ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ሲሆን ሁለት ቻናል በ16 ቢት ይቀዳል፤ ሳምፕል ሬቱ፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ ወደ ቁጥር እንደሚለወጥ፣ 48፣ 44.1 ወይም 32 ኪሎኸርዝ (ሺህ ጊዜ በሰከንድ) ነው። አዳት የአሌሲስ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ገበያ ላይ ውሎ፣ በኤስ-ቪኤችኤስ የቪዲዮ ካሴት ላይ ስምንት ትራክ መቅዳት ስላስቻለ በብዙ አገር ትንንሽ ስቱዲዮዎችን ባለ ብዙ ትራክ አደረጋቸው። ካሴቱን ከውጭ ያየ ሰው የሠርግ ቪዲዮ መስሎት ሊጥለው ወይም ሌላ ነገር ሊቀዳበት ስለሚችል፣ ከቤት ዕቃ መካከል የቪዲዮ ካሴት ስታገኙ ጽሑፉን ሳታነቡ አታስወግዱ። የታስካም ዲኤ-88 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 የመጣ፣ በሃይ-8 የቪዲዮ ካሴት ላይ ስምንት ትራክ የሚቀዳ ነው።

ቀጥሎ የመሣሪያውን ጀርባ ተመልከቱ። የቤት ዳት በአርሲኤ መሰኪያ የሚወጣ ኮአክሲያል (በሽቦ የሚያስተላልፍ) ወይም ኦፕቲካል (በብርሃን የሚያስተላልፍ) ዲጂታል መውጫ አለው። የሙያ ዳት ባለ ሦስት እግር የኤክስኤልአር መውጫ ይኖረዋል። እንደ ቲሲዲ-ዲ7 እና ቲሲዲ-ዲ8 ባሉት በእጅ የሚያዙ የሶኒ መሣሪያዎች ዲጂታሉ የሚወጣው ለእነርሱ ብቻ በተሠራ ባለ ሰባት እግር መሰኪያ ስለሆነ ልዩ ገመዱን ፈልጋችሁ ማግኘት አለባችሁ። አዳት ስምንቱንም ትራክ በአንድ ኦፕቲካል ገመድ ያወጣል።

ኢንተርፌስ ስትመርጡ ዋጋውንና የማይክራፎን መግቢያውን ብዛት ተዉትና ዲጂታል መግቢያውን እዩ። ከተለመዱት መካከል ስካርሌት 18አይ20 ኮአክሲያልም ኦፕቲካልም አለው። ከአንድ በላይ አዳት አብሮ ማስገባት ለሚፈልግ ሰው አራት ኦፕቲካል መግቢያ ያለው የአርኤምኢ ዲጂፌስ ዩኤስቢ ይስማማዋል። ሁለት የማይክራፎን መግቢያ ብቻ ያላቸው ርካሽ ኢንተርፌሶች ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ ድምፁን በአናሎግ ለማስገባት ካልሆነ በቀር።

ቴፑን ከማስገባታችሁ በፊት

መሣሪያው ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ከሆነ በ120 ቮልት፣ ከጃፓን የመጣ ከሆነ በ100 ቮልት የሚሠራ ሊሆን ይችላል። በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል። በጀርባው የተጻፈውን ቮልትና ዋት አንብቡ፤ ከዚያ ዋት በላይ የሚችል መቀነሻ ትራንስፎርመር ተጠቀሙ። መሣሪያውንም ኮምፒውተሩንም በዩፒኤስ ላይ አድርጉ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ቴፑ በሚሽከረከረው ሲሊንደር ላይ እንደተጠመጠመ ስለሚቆም ሊጨማደድ ይችላል፤ የተጨማደደ ዲጂታል ቴፕ ደግሞ በዚያ ቦታ ዳግመኛ ላይነበብ ይችላል።

በክረምት ወይም ከቀዝቃዛ መጋዘን የወጣ መሣሪያ ውስጡ ጤዛ ሊይዝ ይችላል። ሄዱን፣ ማለትም ቴፑን የሚያነበውን ክፍል የተሸከመው ሲሊንደር በዳት ላይ በደቂቃ 2000 ጊዜ ይዞራል፤ እርጥበት ካለበት ቴፑ ይጣበቅበታል። መሣሪያውንም ካሴቶቹንም በምትሠሩበት ክፍል ውስጥ አንድ ቀን አሳድሩ። የጤዛ ማስጠንቀቂያ በማሳያው ላይ ከበራ መሣሪያውን እያበራችሁና እያጠፋችሁ አትታገሉት፤ እስኪደርቅ ጠብቁ።

በመጀመሪያ የምታስገቡት ካሴት ቢበላሽ የማያሳዝናችሁ ይሁን። አስገቡት፣ አጫውቱት፣ ወደፊትና ወደኋላ አጠንጥኑት፣ አውጡት። ቴፑ ሳይነከስና ሳይታጠፍ ከወጣ ወደ ዋናው ማለፍ ይቻላል። ዋናው ካሴት ላይ ድምፅ እንዳይቀዳበት የሚከላከለውን መዝጊያ ወደ መከላከያው አድርጉ፤ በአዳት ካሴት ላይ ይህ የሚሆነው ትንሿ የፕላስቲክ ጥርስ ስትሰበር ነው። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ቴፕ ከመጫወቱ በፊት እስከ መጨረሻው ሄዶ ቢመለስ ጥሩ ነው፤ ተጣብቆ የቆየው ጥቅል ይላቀቃል፣ ውጥረቱም ይስተካከላል።

ሄዱ መጽዳት ካለበት ለዳት የተሠራውን ደረቅ ማጽጃ ካሴት በላዩ እንደተጻፈው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አጫውቱ። በጥጥ አትንኩት። የጥጥ ክር በሄዱ ላይ ተይዞ ሊሰብረው ይችላል። ክዳኑን ከፍቶ በእጅ የሚያጸዳ ባለሙያ ክር የሌለው ለስላሳ ቆዳ በንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል አርሶ ከሲሊንደሩ ላይ ሳያንቀሳቅስ ይይዝና ሲሊንደሩን በጣቱ ያዞረዋል። ወደ ላይና ወደ ታች ማሸት ክልክል ነው።

ገመዱ

ለኮአክሲያል መውጫ 75 ኦም ገመድ ያስፈልጋል። ለዚህ የድሮው ቴሌቪዥን ቢጫ የቪዲዮ ገመድ በሚገባ ያገለግላል፤ ቀይና ነጩ የድምፅ ገመድ ግን ለዚህ ስላልተሠራ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ያንኳኳል። ኦፕቲካሉን ስትሰኩ ጫፉ ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ቆብ አውልቁ፣ ገመዱን አትጠፉት፣ ከአምስት ሜትር በላይም አታስረዝሙት። መሣሪያው ሲበራ በሌላኛው ጫፍ ቀይ ብርሃን ከታየ ገመዱና መውጫው ደህና ናቸው ማለት ነው።

የኤክስኤልአር ዲጂታል መውጫን ወደ አርሲኤ መግቢያ በቀጥታ ማገናኘት አይመከርም፤ የአንዱ ቮልት ከሌላው እጅግ ይበልጣል። ከ110 ወደ 75 ኦም የሚቀይረውን ትንሽ መለወጫ መካከል አስገቡ። ከማይክራፎን መግቢያ ጋር መሰኪያው ስለሚገጥም ብቻ ወደዚያ እንዳትሰኩት ተጠንቀቁ።

ሌላ ትልቅ መሳሳቻ አለ። የአዳት ኦፕቲካልና የዳት ኦፕቲካል መሰኪያቸው አንድ ነው፤ በውስጡ የሚሄደው ግን የተለያየ ነው። አንዱ ስምንት ቻናል፣ ሌላው ሁለት ቻናል ይሸከማል። በብዙ ኢንተርፌስ ላይ የትኛው እንደሚመጣ ከኢንተርፌሱ ጋር በሚመጣው ሶፍትዌር ውስጥ ትመርጣላችሁ። ገመዱ ተሰክቶ፣ ብርሃኑ እየታየ ድምፅ ከሌለ መጀመሪያ ይህን እዩ።

ክሎኩን ቴፑ ይምራ

ዲጂታል ድምፅ በሰከንድ 48,000 ወይም 44,100 ቁጥር ሆኖ ይጓዛል። ሰጪውም ተቀባዩም ቁጥሮቹን የሚቆጥሩበት የየራሳቸው ክሎክ አላቸው። ሁለት ሰዎች በአንድ ሙቀጫ ተራ በተራ ሲወቅጡ አንዱ የሌላውን ምት ካልጠበቀ ዘነዘናዎቹ ይጋጫሉ። እዚህም እንደዚያው ነው። ሁለቱም 48 ኪሎኸርዝ ቢባሉም የአንዱ ክሎክ ከሌላው በጥቂቱ ይፈጥናል፤ ልዩነቱ ሲከማች አንድ ቁጥር ይዘለላል ወይም ይደገማል፤ ያም በየጥቂት ሰከንዱ «ጭ» የሚል ድምፅ ሆኖ ይሰማል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ቴፑ ተበላሽቷል ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ቴፑ ግን ምንም አልሆነም።

መፍትሔው አንድ ነው። በኢንተርፌሱ ማስተካከያ ውስጥ የክሎክ ምንጭ የሚለውን ከውስጣዊ ወደ ውጫዊ ቀይሩት፤ ገመዱ በገባበት መግቢያ ስም ኤስፒዲአይኤፍ (ባለ ሁለት ቻናሉ የዳት መግቢያ) ወይም አዳት የሚል ታገኛላችሁ። ከዚያ መቆለፉን፣ ማለትም ኢንተርፌሱ የቴፑን ክሎክ መከተል መጀመሩን የሚያመለክተው መብራት ወይም ጽሑፍ እስኪታይ ጠብቁ። ቴፑ ይመራል፣ ኮምፒውተሩ ይከተላል።

ከኢንተርፌሱ ወደ ቴፕ መሣሪያው የሚመለስ ዲጂታል ገመድ አትሰኩ። የቴፕ መሣሪያው መግቢያ ዲጂታል ላይ ከተደረገ ክሎኩን ከዚያ ሊወስድ ይሞክራል፤ ሁለቱ እርስ በርስ እየተከተሉ የሚመራ ይጠፋል። በዳት ላይ መግቢያውን አናሎግ አድርጉ፤ በአዳት ላይ ዲጂታል መግቢያ የሚለውን ቁልፍ አጥፉ።

አንዳንድ ኢንተርፌስ በመግቢያው ላይ ሳምፕል ሬትን በራሱ የሚቀይር አገልግሎት አለው። ያ ሲበራ መቆራረጡ ይጠፋል፣ ቁጥሮቹ ግን እንደገና ተሰልተው ሌላ ይሆናሉ። እኔ የምመክረው ሌላ መንገድ እስካልጠፋ ድረስ እንድታጠፉት ነው። በቴፑ ላይ ያለውን ቁጥር ሳይነካ መውሰድ እየተቻለ የተሰላ ግልባጭ ይዞ መቅረት ለአንድ ማስተር አይገባም።

ዳትን ለማስገባት

1. ቴፑን ማጫወት ጀምሩና በማሳያው ላይ ያለውን ሳምፕል ሬት አንብቡ። ዳት ሲቆም የሚያወጣው ክሎክ ቴፑ ላይ ካለው ሊለይ ስለሚችል እየተጫወተ ሳለ ነው ማየት ያለባችሁ። ከመጀመሪያዎቹ የቤት ዳቶች ብዙዎቹ በአናሎግ የገባላቸውን በ48 ብቻ ስለሚቀዱ ያንን በብዛት ታገኛላችሁ።

2. በኢንተርፌሱም፣ በመቅጃ ሶፍትዌሩም ያንኑ ቁጥር ምረጡ። በዊንዶውስ ላይ በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ፣ በማክ ላይ በኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ ውስጥ ያለው ሬትም ይመሳሰል። በዊንዶውስ የሚሻለው የኢንተርፌሱን የራሱን የኤሲዮ ድራይቨር የሚጠቀም እንደ ሪፐር ያለ ፕሮግራም ነው፤ የኮምፒውተሩ የድምፅ ማደባለቂያ ከመካከል ገብቶ ቁጥሮቹን አይነካካም።

3. ፋይሉን በዌቭ፣ በ24 ቢት ክፈቱ። ቴፑ 16 ቢት ቢሆንም 24ቱ ሳይቀነስ ይይዘዋል። ሶፍትዌሩ ዲዘር የሚባል ጫጫታ የሚጨምር ከሆነ አጥፉት፤ ኦዳሲቲ ሲጫን ይህ በርቶ ስለሚመጣ በምርጫዎቹ ውስጥ ገብታችሁ ማጥፋት አለባችሁ። አንድ ሰዓት ስቴሪዮ በዚህ ልክ አንድ ጊጋባይት ያህል ይወስዳል።

4. የድምፅ መጠን ማስተካከያዎችን ሁሉ ዜሮ ዴሲቤል ላይ ተዉ። ድምፁ አነሰ ብላችሁ አትጨምሩ፤ ያ በኋላ በግልባጩ ላይ የሚሠራ ሥራ ነው።

5. ቴፑን ወደ መጀመሪያው መልሱ፣ መቅዳቱን በኮምፒውተሩ አስጀምሩ፣ ከዚያ ቴፑን አጫውቱ። እስከ መጨረሻው ሳታቋርጡ ቅዱ።

አንድ ካሴት በተለያየ ቀን ከተቀዳ መካከል ላይ ከ48 ወደ 44.1 ሊቀየር ይችላል። ሳይቀዳበት የቀረ ባዶ ቦታ ካለም ክሎኩ ይጠፋና የኢንተርፌሱ መቆለፍ ይፈታል። እነዚህን ቦታዎች በመሣሪያው የጊዜ ቁጥር መዝግቡና እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ቅዱ። የዘፈን ቁጥሮቹም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኮምፒውተሩ አይተላለፉም፤ በወረቀት መጻፍ አለባችሁ።

ፋይሉ ሲሰማ ቀርፈፍ ብሎና ድምፁ ወርዶ ከተገኘ፣ ቴፑ 48 ሆኖ ፋይሉ 44.1 ተብሎ ተሰይሟል። አንድ ሰዓት የነበረው 65 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ይሆናል፤ ቃናው ደግሞ በአንድ ተኩል ግማሽ ድምፅ ያህል ይወርዳል። እንደገና መቅዳት አያስፈልግም። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ በፋይሉ ላይ የተጻፈውን ሬት ብቻ አርሙ። ሬት መለወጥ የሚለውን ትእዛዝ ግን አትጠቀሙ፤ እርሱ አዲስ ስሌት ይሠራል።

በረጅም ጊዜ አቀዳድ፣ ማለትም በ32 ኪሎኸርዝ የተቀዳ ቴፕ ለብቻው ችግር አለው። በዚህ አቀዳድ ባለ 120 ደቂቃው ካሴት አራት ሰዓት ስለሚይዝ ለቃለ መጠይቅና ለመስክ ቅጂ ይመች ነበር። የአሁን ኢንተርፌሶች ግን ብዙዎቹ ከ44.1 በታች አይቆለፉም። ሬት ቀያሪውን ማብራት ወይም ከአናሎግ መውጫው መቅዳት የሚፈቀደው እዚህ ላይ ነው። በአናሎግ ስትቀዱ ወደ ላይን መግቢያ ስኩ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከጣሪያው ጥቂት ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይቁም።

በማሳያው ላይ ኤምፋሲስ የሚል ምልክት ከታየም ጻፉት። በዚያ የተቀዳ ድምፅ ቀጭኑ ክፍል ሆን ተብሎ ከፍ ተደርጓል። መሣሪያው በአናሎግ ሲያወጣ ራሱ መልሶ ያወርደዋል፤ በዲጂታል ሲወጣ ግን ምልክቱ ብቻ ይላካል፣ ኮምፒውተሩም አብዛኛውን ጊዜ ችላ ይለዋል። የሚጮኽና የሚወጋ ፋይል ካገኛችሁ በኋላ በሶፍትዌር የሚወርድ ነው።

አዳትን ለማስገባት

የአዳቱን ኦፕቲካል መውጫ ከኢንተርፌሱ ኦፕቲካል መግቢያ ጋር አገናኙ፣ ክሎኩን ከአዳት እንዲወስድ አድርጉ፣ በሶፍትዌሩ ስምንት ሞኖ ትራክ ክፈቱ፤ ስምንቱም በአንድ ጊዜ ይገባሉ። በመሣሪያው ላይ ለመቅዳት የተዘጋጀ ትራክ እንደሌለ ከመጫወታችሁ በፊት መብራቶቹን ተመልከቱ። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት አርባ ደቂቃ ስምንት ትራክ ሦስት ጊጋባይት ያህል ይሆናል።

የመጀመሪያው ጥቁሩ አዳት የሚሠራው በ48 ነው። በ44.1 መቅዳት የፈለጉ ሰዎች የፒች (የቃና) ማስተካከያውን በ147 ሴንት (የግማሽ ድምፅ መቶኛ) ዝቅ ያደርጉ ነበር። በካሴቱ ሽፋን ላይ 44.1 ወይም -147 የሚል ማስታወሻ ካገኛችሁ ያንን ቁጥር መልሳችሁ አስገቡና ኢንተርፌሱን በ44.1 አድርጉት።

ሥራው በሁለት ወይም በሦስት አዳት የተቀዳ ከሆነ ለ16 ወይም ለ24 ትራክ የየራሳቸው ካሴት አላቸው። መሣሪያዎቹ ካሏችሁ በባለ ዘጠኝ እግሩ የማመሳሰያ ገመድ አያይዟቸው፤ የመጀመሪያው ይመራል። የእያንዳንዱን ኦፕቲካል ወደ የራሱ መግቢያ አስገቡ። አንድ መሣሪያ ብቻ ካላችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ካሴቶቹ ሲቀዱ ተመሳስለው ስለነበር በሁሉም ላይ ያለው የቁጥር ብዛት እኩል ነው። ክሎኩ ከቴፑ እስከተወሰደ ድረስ አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ ብታስገቡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይራራቁም። የሚቀራችሁ መነሻቸውን ማስተካከል ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ከበሮውና ባሱ አብረው የሚመቱበትን ቦታ አሰልፉ። ክሎኩ ከኮምፒውተሩ ቢሆን ኖሮ ግን ሁለቱ እየተራራቁ ይሄዱ ነበር።

ዲኤ-88 ያላችሁ ሰዎች ቲዲአይኤፍ የሚባለውን የመሣሪያውን ዲጂታል መውጫ ወደ አዳት ኦፕቲካል የሚቀይር ሣጥን ያስፈልጋችኋል። የክሎኩን መስመር በቢኤንሲ ገመድ ከዲኤ-88 ወርድ ክሎክ መውጫ ለብቻው ውሰዱ። ባለ 25 እግሩ ዲጂታል መሰኪያ ከአናሎጉ ባለ 25 እግር መሰኪያ ጋር በመልክ አንድ ስለሆነ ከመሰካታችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡ፤ ሁለቱን ማምታታት መሣሪያ ያበላሻል።

ግልባጩ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ

ይህ ማረጋገጫ ለአናሎግ ካሴት የማይቻል፣ ለዲጂታል ብቻ የተሰጠ ዕድል ስለሆነ አትዝለሉት። ያንኑ ቴፕ ሁለት ጊዜ ቅዱ። ሁለቱን ፋይሎች በሁለት ትራክ ላይ አንድ ሳምፕል (አንድ ቁጥር) እንኳ ሳይዛነፉ አሰልፉ፣ የአንዱን ፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጡ፣ አብራችሁ አጫውቱ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ሙሉ ጸጥታ ይሆናል። በአንድ ቦታ ድምፅ ካፈተለከ በዚያ ቦታ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል። ሦስተኛ ጊዜ ቅዱና ሁለቱ የተስማሙበትን ውሰዱ። ከአንድ ነጥብ በኋላ ሁሉም ድምፅ ከሆነ ክሎኩ አልተቆለፈም ወይም ቁጥር ተዘሏል፤ ወደ ክሎኩ ማስተካከያ ተመለሱ።

ስህተቱ በየጊዜው ቦታ የሚቀያይር ከሆነ ሄዱ መጽዳት ይፈልጋል። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ከሆነ ቴፑ ራሱ ተጎድቷል፤ ይህን ጊዜ ሌላ መሣሪያ ሞክሩ። የአንዱ መሣሪያ ሄድ አቀማመጥ ከሌላው ስለሚለይ አንዱ ያቃተውን ሌላው ያነበዋል፤ ከሁሉ የሚሻለው ቴፑን የቀዳው ያው መሣሪያ ቢገኝ ነው።

በማረጋገጫው ትክክል መሆኑ የታየውን ፋይል ሳትቆርጡና ሳታሳምሩ በሁለት የተለያየ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፤ ማጥራትና ማስተካከል በሌላ ግልባጭ ላይ ይሠራል። በስሙ ውስጥ ካሴቱ ላይ የተጻፈውን፣ ሳምፕል ሬቱን፣ ያጫወተውን መሣሪያ ዓይነትና የገባበትን ቀን አካትቱ። ካሴቱን እስከ ጫፍ አጠንጥናችሁ፣ መሣሪያው ከመጥፋቱ በፊት አውጥታችሁ፣ ወደ ሽፋኑ መልሱትና አቁማችሁ አስቀምጡት።